ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት

መምህር ባሮክ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ተማሪ ብቻ እንዳለች በዓይኑ እያየ ስም ይጠራ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃኬቱን ወንበር ላይ ያንጠለጥላል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ መነጽሩን ያስተካክልና "ኢልሃም ጀይላን" ይላል። "አቤት" ትላለች ኢልሃም ከሁለተኛው ረድፍ። ምልክት ያደርጋል፣ መዝገቡን ይዘጋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ "እንደምታዩት"፣ "ባለፈው እንዳያችሁት"፣ "ጥያቄ ያለው?" እያለ ሃምሳ ሰው ፊት እንደቆመ ያስተምራል። ኢልሃም መጀመሪያ ሰሞን ሳቋ ይመጣባት ነበር። ኋላ ግን "ጥያቄ ያለው?" ሲል ዞር ብላ ባዶዎቹን ወንበሮች ማየት ልማድ ሆነባት። ምናልባት አንዱ ጥያቄ ይኖረው እንደሆነ ማን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ፊዚክስን ወዶ የሚገባበት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ተማሪው የምርጫ ፎርም ሲሞላ ፊዚክስን መጨረሻ ላይ ይወረውረዋል፤ ምደባው ሲለጠፍ ደግሞ "ፊዚክስ ደረሰብኝ" ብሎ ያለቅሳል። "ደረሰኝ" የሚል ሰው አልተሰማም። ኢልሃም ግን አንደኛ ምርጫ ብላ የሞላች ጉደኛ ናት። ለፋርማሲም ለሶፍትዌርም የሚበቃ ውጤት ይዛ ነበርና፣ ካራ ሰፈር ያለውን የአባቷን የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ የሚያዘወትሩ ሰዎች ሁሉ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አሏት። ለምን እንደመረጠችው ለማንም በወጉ አስረድታ አታውቅም። ልቧን የወሰደው ዘጠነኛ ክፍል የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋይ ከሀብታም ሰገነትም ይለቀቅ ከድሃ ጣሪያ እኩል ነው የሚወድቀው። ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዓለም መኖሩ ደስ አላት፤ በቃ ይኸው ነው።

ሁለተኛ ዓመት ሲጀምሩ አሥራ አንድ ነበሩ። ሦስቱ ከአንድ ወር በኋላ ጠፉ። አምስቱ በዘመድም በማመልከቻም ብለው ዲፓርትመንት ቀየሩ። አንዱ ውጭ አገር ሄደ። መጨረሻ ላይ ኢልሃምና ወንጌል የምትባል ጓደኛዋ ቀሩ። ወንጌል ላብራቶሪ ውስጥ ሽቦ እያያያዘች መዝሙር የምታንጎራጉር፣ ስሌት ሲጠፋባት "ጌታ ሆይ ይህን ደግሞ ማን ፈጠረው?" የምትል ልጅ ነበረች። ሦስተኛ ዓመት ምዝገባ ላይ አካውንቲንግ ተፈቀደላት። "እንዳትቀየሚኝ ኢሉ፣ በፊዚክስ ምን ልበላ ነው?" አለቻት እንባዋ እየመጣ። ኢልሃም አልተቀየመችም። መጀመሪያ ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ከዚያ በመንገድ ሲተላለፉ ቆመው ይሳሳሙ ነበር፤ ከዚያ ከሩቅ እጅ መነሳሳት ሆነ። እንዲህ ያለው ጓደኝነት ሲያልቅ ጠብ እንኳ የለውም፣ እንደ ሳሙና እየሟሟ ነው የሚያልቀው።

አባቷ ጀይላን ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረችው። "ዛሬስ ስንት ሆናችሁ?"

"አንድ።"

"አሁንም አንድ?"

"አሁንም አንድ፣ አባ።"

"አንድ ሰው አይፈርድም፣ አንድ እንጨት አይነድም" ይልና ራሱን እየነቀነቀ እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። ክፋት አልነበረውም። ልጁ አንድ ቀን "ዛሬ ሁለት ሆንን" የምትለው መስሎት ነበር።

እንግዲህ ከባዱ ነገር ይሄ ነው፤ ከኢልሃም ኋላ ባች የለም። ዲፓርትመንቱ አዲስ ተማሪ መቀበል አቁሟል። ሌላ ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ ቢወድቅ ተከታዩን ባች ጠብቆ ይደግማል። እሷ ብትወድቅ የምትጠብቀው የለም፤ ወይ ሌላ ዲፓርትመንት ገብታ ከሁለተኛ ዓመት ትጀምራለች፣ ወይ የአባቷ ሱቅ ገብታ ባልዲ ትሸጣለች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር ነገር ነበር ማለት ነው።

ፕሮጀክቱ በዲፓርትመንቱ ልማድ የሆነው የፔንዱለም ሥራ ነው። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር ይንጠለጠላል፣ ይወዛወዛል፣ አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ በስሌት የመሬት ስበት ልክ ይወጣል፤ እነሱ "ጂ" የሚሉት። በባሮክ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ከዚህ በፊት የተመረቁ ልጆች የሠሯቸው አሥራ ዘጠኝ ሰማያዊ ጥራዞች ተደርድረዋል። ኢልሃም ሁሉንም አንብባቸዋለች። የሁሉም መጨረሻ ገጽ ላይ ያለው መልስ አንድ ነው፤ መጽሐፉ ላይም፣ የፈተና ወረቀቱ ላይም ያለው፤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንድ።

የላብራቶሪው መመሪያ "አንድ ተማሪ ይቁጠር፣ ሌላው ሰዓት ይያዝ" ይላል። ኢልሃም አንዱንም ሌላውንም ሆነች። ብረቱን በቀስታ ትለቀዋለች፣ ሰዓቱን ትጫናለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መቶ ትቆጥራለች፤ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ። ስልሳ ሦስት ላይ አንድ ሰው ኮሪደሩ ውስጥ ይስቃል፤ ስልሳ ሦስት ነበር ስልሳ አራት? እንደገና ከአንድ። እንዲህ እያለች በሦስት ሳምንት አርባ ጊዜ ለካች። ስሌቱን ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ የመጣው ቁጥር ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት ነበር።

አራት መቶኛ ጎደለ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ፊዚክስ ላይ ግን፣ በጥንቃቄ አርባ ጊዜ ለክቶ አራት መቶኛ የጎደለው ሰው አንድ ነገር አበላሽቷል ማለት ነው። ሜትሩን ከሌላ ሜትር ጋር አስተያየች፣ ልክ ነው። ሰዓቱን ከስልኳ ጋር አስተያየች፣ ልክ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗ ትዝ አላት፤ ከመሬት መሃል በራቁ ቁጥር ስበት ይቀንሳል። በደስታ ብዕር አንስታ የከተማዋ ከፍታ የሚያጎድለውን ከመጽሐፉ ቁጥር ላይ ቀነሰች። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ዜሮ መጣ። አሁንም ሦስት መቶኛ ጎደላት፣ ደስታዋም እዚያው ቀረ።

ባሮክ ወረቀቱን አይቶ ብዙ አላሰበም። "ክሩ ነው" አለ። "ይለጠጣል። አንቺ አንድ ሜትር ብለሽ የለካሽው ሲወዛወዝ ረዝሞብሻል።"

ከአባቷ ሱቅ ቀጭን ሽቦ አምጥታ ክሩን በሱ ተካች። ሰባት ሰባት።

"እንግዲያው ሕንፃው ነው" አለ ባሮክ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰሞን ፊት ለፊቱ መንገድ እየተቆፈረ ስለነበር የላብራቶሪው መስታወት ከጠዋት እስከ ማታ ይርገፈገፋል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሽቦዋን፣ ብረቷንና ሜትሯን ቦርሳ ውስጥ ከትታ በመገናኛ በኩል ወደ ቀበና፣ ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ወጣች። ማዞሪያው ላይ ወርዳ በእግሯ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ተያያዘችው። መሬት የማይንቀጠቀጥበት፣ ነፋስ የማይገባበት ቤት ነበር የምትፈልገው። ባሕር ዛፎቹ መሃል ግድግዳው የድንጋይ የሆነ የውኃ ማጠራቀሚያ ጥበቃ ቤት አገኘች። ደጁ ላይ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው ዋቅጅራ ነው። ከቦርሳዋ ሜትር ስታወጣ ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ልትለኩ መጣችሁ? ልታፈርሱ ነው?"

"ኧረ አይደለም አባባ! ተማሪ ነኝ። መሬቱን አይደለም የምለካው፣ የመሬቱን ስበት ነው።"

"እሱንም ልትወስዱት ነው?"

ኢልሃም ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ሽማግሌውም የሳቋን የዋህነት አይተው በሩን ከፈቱላት። ከጣሪያው ማገር ላይ ሽቦውን አሰረች፣ ብረቱን አንጠለጠለች። የምትሠራውን ሲያዩ ከቆዩ በኋላ "አንቺ ሰዓቱን ያዢ፣ እኔ ልቁጠርልሽ" አሏት።

"አይሰለችዎትም? መቶ ነው፣ ያውም አሥር ጊዜ።"

"ልጄ፣ እኔ ስንት ከብት ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ!"

በኦሮምኛ ነበር የሚቆጥሩት። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" እያሉ ብረቱ በተመለሰ ቁጥር በአገጫቸው ይጠቁማሉ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። መቶ ሞልቶ "ዲባ!" ሲሉ ኢልሃም ሰዓቱን ትጫናለች። ዓይኗን ብረቱ ላይ ተክላ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሲቆጥርላት እየሰማች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንዳጣች ያኔ ገባት።  አሥሩን ዙር ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀምጣ በስልኳ አሰላች፤ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት።

"ተገጣጠመ?" አሏት ዋቅጅራ።

"ከታች ካገኘሁት ጋር ተገጣጥሟል። ከመጽሐፉ ጋር ግን አልተገጣጠመም።"

"እና የተሳሳተው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!"

"እኔም እኮ አብሬሽ ቆጥሬያለሁ" አሉ ሽማግሌው ቅር ብሏቸው።

ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ የእሳቸውን ቆጠራ ማለቷ እንዳልሆነም ነገረቻቸው። ሞኝ ልጅ! በአንድ ቤት ሁለት ሰው ለክቶ ያገኘውን ነገር ይዛ ደረቷን ነፍታ መውረድ ሲገባት፣ አንገቷን ደፍታ ወረደች። ቁልቁለቱ ላይ ቆም ብላ ከተማውን አየችው። ከእግሯ በታች እስከ ኮተቤ ድረስ በተዘረጋው በዚያ ሁሉ ጣሪያ ሥር ይቺን ቁጥር የሚያውቅ፣ የሚያስጨንቀው፣ "እስቲ አሳዪኝ" የሚላት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ባሮክ ነው። ከባሮክ በቀር ቢጠሩ የሚሰማ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ባሮክ ወረቀቱን አየው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

"ኢልሃም፣ ከኋላሽ ባች የለም" አለ።

"አውቃለሁ መምህር።"

"የውጭ ፈታኝ ይመጣል። ማን እንደሚላክ አላውቅም። ይቺን አራት መቶኛ ይዘሽ ትገቢና ስህተቱን አስረጂ ቢልሽ ምን ትያለሽ?"

"አላገኘሁትም እላለኋ።"

"ይጥልሻል። ከጣለሽ ደግሞ የሚጠብቅሽ የለም።" ፊቷን አላየም። "አስተካክዪው። ሁሉም አስተካክሎ ነው ያለፈው።"

ባሮክን እንደ ክፉ ሰው የምታዩት ከሆነ ተሳስታችኋል። ለአንዲት ተማሪ ብሎ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳይቀር የመጣ፣ ያቺ ተማሪ ጉንፋን ይዟት የቀረች ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ጠመኔውን እንደያዘ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ነው። እንድታልፍ ፈልጎ ነው ያላት። ኢልሃምም ይህን አውቃለች፤ ቃሉን እምቢ ለማለት ያቃታት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ሌላው ምክንያት ብቻዋን መሆኗ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ "አንቺስ ስንት መጣልሽ?" ብላ ትጠይቀው ነበር። ወንጌል ብትሆን ኖሮ "ኧረ የኔም ሰባት ሰባት ነው!" ትላት ነበር፣ ያኔ ሁለት ሆነው ባሮክን ይሞግቱት ነበር። አሁን ግን ባንድ በኩል መጽሐፉ፣ አሥራ ዘጠኝ ጥራዝና መምህሯ፣ በሌላ በኩል ኢልሃም ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው የገዛ ዓይኑን ይጠራጠራል። መጠራጠር ብቻም አይደለም፣ ያፍርበታል።

ቁጥሩን ማስተካከሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀባት። ከእያንዳንዱ መቶ ውዝዋዜ ላይ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰች ነገር ቀነሰች። ሁሉም ላይ እኩል ብትቀንስ ያስነቃልና አንዱ ላይ ጨመር፣ ሌላው ላይ ጎደል አደረገች። ሁለቱን ደግሞ አውቃ አበላሸቻቸው፤ እውነተኛ ልኬት ውስጥ ሁሌ የሚበላሽ አይጠፋምና። ጉድ እኮ ነው፣ ውሸቱ ከእውነቱ የበለጠ ጥንቃቄ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንድ ሲወጣ አጠገቧ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ዙሪያዋን አየች። የመጀመሪያውን ደብተር ልትቀደው አስባ እጇ እምቢ አላት። ያን ቀን ማታ አባቷ "ዛሬስ ስንት ሆናችሁ?" ሲላት ራሷን አሞኛል ብላ ገብታ ተኛች።

ፕሮጀክቷን ፈታኝ ፊት የምትከላከልበት ቀን ሰኔ ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሯል። ፈታኟ ዶክተር አስቴር ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ጫማቸው ጭቃ የያዘ ሴት ነበሩ። ባሮክ አማካሪም የዲፓርትመንት ተጠሪም ስለነበር በአንድ ወንበር ሁለት ሥራ ይዞ ተቀመጠ። ሌላ ተማሪ ሲከላከል ጓደኞቹ ክፍሉን ይሞሉታል፤ ለኢልሃም የመጣላት አባቷ ብቻ ነው። ጀይላን የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ ለፈታኞቹ የሚቀርበውን ጁስና ብስኩት በካርቶን ታቅፎ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። እንግሊዝኛው ሲጀመር አንድም ቃል ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

ኢልሃም ጥሩ አቀረበች።  መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ሲበራ ዶክተር አስቴር ብዕራቸውን አስቀመጡ። እንግሊዝኛውንም ተዉት።

"ይህን የለካሽው የት ነው?"

"ላብራቶሪያችን ውስጥ ነው።"

"እዚሁ አዲስ አበባ?"

"አዎ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስምጥ ሸለቆን ወርጄ ወጥቼ ስበት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ" አሉ ዶክተር አስቴር፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንድ የሚባል ነገር የለም። ያ ቁጥር የአውሮፓ ነው፤ መጽሐፉን የጻፉት እዚያ ስለሆኑ የነሱን ነው የጻፉት። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። መሬት ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች፣ ስትሽከረከርም የምትወረውረን እዚህ ነው። ከፍታው ሳይቆጠር ገና መነሻችን ከነሱ ያነሰ ነው። ከፍታውን ጨምረሽ፣ በክርም ለኪው በሽቦ፣ እዚህ የሚመጣልሽ ወደ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ሰባት ነው።"

ኢልሃም ከፍታውን አስባለች፤ ወገቡን ረስታዋለች። የሸገር ልጅ ነገር! ደገኛ መሆኗን አንድም ቀን አትረሳም፣ ለምድር ወገብ ጎረቤት መሆኗን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ተነግሯታል እንጂ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለች፣ ከአሥር አሥር አግኝታበታለች። ፈተና ላይ ያለው የምድር ወገብና እግሯ ሥር ያለው የምድር ወገብ አንድ መሆናቸውን ነው ያላሰበችው።

"እሱን ነበር ያገኘሁት" አለች።

"ምኑን?"

"ሰባት ሰባትን። አርባ ጊዜ። እንጦጦ ወጥቼም አሥር ጊዜ ለክቻለሁ፣ ያው ነው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ለወጥኩት።"

"ማን ለውጪ አለሽ?"

ዓይኗ ወደ ባሮክ እንዳይሄድ ወለሉን አየች። "ማንም። ራሴ ነኝ።"

ጀይላን ፊዚክስ አይገባውም፤ ልክ መቀየር ምን እንደሆነ ግን ከሠላሳ ዓመት ንግድ ያውቃል። ሚዛን የሚያዛባ ሰው ሱቁ እንዳይገባ የሚከለክል ሰው ነው። ልጁ በአማርኛ የተናገረችውን ሲሰማ ካርቶኑን ወለል ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። ኢልሃም አየችው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ምንም ነገር፣ መውደቅም ቢሆን፣ ከዚያ አይብስባትም ነበር።

 ባሮክ መነጽሩን አወለቀ።

"ውሸቷን ነው" አለ። "አስተካክዪው ያልኳት እኔ ነኝ።"

ዶክተር አስቴር ዞር ብለው አዩት። "ለምን?"

"የኔ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ስምንት ነበር።"

"አልገባኝም።"

"እኔም ተማሪ ሆኜ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ሰባት ስምንት መጣልኝ። መምህሬ ‘ክሩ ነው’ አለኝ።" ባሮክ የሚናገረው ጠረጴዛውን እያየ ነበር። "ሃያ ሁለት ተማሪዎች ነበርን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዶርም። ከተመረቅን ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ድንገት አግኝቼ ስናወራ፣ የአንዱ ሰባት ስድስት፣ የሌላው ሰባት ሰባት ነበር። ሁላችንም ለየብቻችን ተደብቀን አስተካክለን፣ ጠዋት ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አንድ ይዘን መጣን። ማንም ለማንም አልነገረም። ሁሉም የተሳሳተው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።"

ዶክተር አስቴር የመጀመሪያው ደብተር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ኢልሃም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ገጽ በገጽ፣ የተሰረዘውን ሳይቀር አዩት።

"ቁጥር የለወጠ ተማሪ መጣል ነበረበት" አሉ በመጨረሻ። "እስከ ሰኞ በዚህ ደብተር መሠረት እንደገና ጽፈሽ ታመጪያለሽ። ከሲ በላይ አልሰጥሽም። እርስዎም መምህር ባሮክ፣ የነገሩኝን ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ።"

"ይጻፉት" አለ ባሮክ።

"ይቅርታ" አለ ጀይላን ከኋላ ተነስቶ። "ሲ ማለት አልፋለች ማለት ነው?"

"አልፋለች፣ አባት። ትመረቃለች።"

ጀይላን ካርቶኑን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጁን አላቀፋትም፤ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ "ሰኞ ትክክሉን ጻፊ" አላትና ዶክተሯን እስከ በር ሊሸኝ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ኢልሃምና ባሮክ ቀሩ፣ እንደ ማክሰኞና እንደ ሐሙስ። ባሮክ ወረቀቶቹን ሰብስቦ እንደመሄድ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ድንገት ያረጀ መሰላት።

ልትቆጣው ትችል ነበር። ቁጣውም ነበራት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የዋጠችው ቁጣ ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"መምህር፣ ያን ያህል ዓመት ሲያስተምሩ ይህን አንድም ቀን አልነገሩም? ለአንድ ሰው እንኳ?"

"ለማን?" አለ ባሮክ ባዶዎቹን ወንበሮች እያየ።

ኢልሃም ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ጎትታ አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።